ዋልቡርጋና ሁለቱ አሥራ አራተኞች

የዋልቡርጋ አባት የኦልደርንን ከተማ ግማሽ ጣሪያ በጥቁር ጠፍጣፋ ድንጋይ ሲከድን ኖሮ፣ ከሌላው ግማሽ ላይ ወድቆ ሞተ። ባሏ ሸማኔ ነበር፤ እሱን ደግሞ ሳል ወሰደው። አንድ ልጅ ወልዳ ዮስት አለችው፤ ዮስትም ገና ሰው ለይቶ መሳቅ ሲጀምር ጉሮሮው ታፍኖ እጇ ላይ አለፈ። በወጣትነቷ ይህን ሁሉ ላየች ሴት ምን ይቀራታል ቢባል፣ ለዋልቡርጋ የቀራት ጠንካራ ክንድ፣ ጌታ የማይፈራ ምላስና ያጋተ ጡት ነበር።

እንጀራ የሆናት የመጨረሻው ነው። በዚያው ሰሞን የታችኛው ግንብ ልዕልት ወንድ ልጅ ወልዳ ጡቷ እምቢ አላት፤ ሕፃኑ ሌሊቱን ሙሉ እያለቀሰ የወንዙን ዳር ሰው ሁሉ እንቅልፍ ነሣ። ዋልቡርጋን ጠርተው አስገቧት። ሕፃኑም ጡቷን እንደያዘ ዝም አለ፤ እሷ ግን፣ አልቅሳ አታውቅም የተባለላት ሴት፣ ያን ቀን ስቅስቅ ብላ አለቀሰች።

አሁን ስለ ጌቶቻችን ስም ካልነገርኩ የሚቀጥለው ነገር አይገባም፤ ነግሬም ቢሆን እንዲገባ ዋስ አልሆንም። እኛ ራሳችን እዚሁ ተወልደን እዚሁ አርጅተን ግማሹን ነው የምናውቀው። የኦልደርን ቤት ወንዶች በሙሉ ስማቸው ኤበርሃርድ ነው። ከጥንት አያቶቻቸው አንዱ በጠላት ጉድጓድ ተጥሎ ሳለ ኤበርሃርድ የሚባል የጦር አለቃ አወጣው ይባላል፤ የተረፈውም አያት ከጉድጓዱ አፍ ላይ ቆሞ፣ "ከዘሬ ለወንድ ልጁ ሌላ ስም ያወጣ የተረገመ ይሁን" አለ። መረገም የሚፈልግ አልተገኘም። አባት ኤበርሃርድ፣ ልጅ ኤበርሃርድ፣ አጎት ኤበርሃርድ ሆኖ ቀረ። የሚለዩት በቁጥር ነው፤ በተወለደበት ሰዓት የሞተ ሕፃን እንኳ ቁጥሩን ይዞ ይቀበራል።

ይህስ ባልከፋ። ነገር ግን ሁለት ወንድማማቾች ተጣሉና ቤቱ ለሁለት ተከፈለ። ታላቁ ኮረብታው ላይ ያለውን ላይኛውን ግንብ ያዘ፣ ታናሹ ወንዙ ዳር ያለውን ታችኛውን። በእልህ ሁለቱም ቁጥሩን እንደ አዲስ ከአንድ ጀመሩት። አርማቸውም አንድ ነው፤ ነጭ ጋሻ ላይ አንድ እግሩን ያነሣ ጥቁር ሽመላ። ታናሹ ቤት መለያ ምልክት ያድርግበት ቢባል፣ "እውነተኛው እኔ ነኝ፤ ከፈለገ እሱ ያድርግ" አለ። ታላቁም ያንኑ ቃል መለሰ። ሽመላውም እግሩን እንዳነሣ፣ ሁለት ቤት እያገለገለ ኖረ።

ዋልቡርጋ ያጠባችው ሕፃን የታችኛው ግንብ ኤበርሃርድ አሥራ አራተኛ ነበር። የልጆቹ ክፍል ውስጥ እንደ ጦር ሰፈር በቁጥር ነው የሚጠራሩት። "አሥራ ሁለት፣ ክርንህን ከገበታው አንሣ።" "አሥራ ሦስት፣ አፍንጫህን ጥረግ።" ዋልቡርጋ ግን ታናሹን ታቅፋ ስታስተኛ ነገሩ አልሆን አላት።

"ሰው እንዴት ብሎ እሹሩሩ አሥራ አራት ይላል?" አለች አንድ ቀን ለዶሮቴያ። ዶሮቴያ የላይኛው ግንብ ወጥ ቤት ኃላፊና የልብ ጓደኛዋ ነበረች።

"ታዲያ ምን ልትይው ነው? እኔ ለጌታዬ ሾርባ ሳቀርብ አሥራ አራተኛ ሆይ እላለሁ፤ አፌ ለምዶታል።"

"ያንቺው አሥራ አራተኛ ሪዝ አለው። የኔው ገና ጥርስ አላወጣም።"

የላይኛው ግንብ ጌታም በአጋጣሚ አሥራ አራተኛ ነበሩ፤ ሚስት ያላገቡ፣ ልጅ ያልወለዱ፣ የላይኛው ቤት የመጨረሻ ወንድ። ሁለቱ ሴቶች በዚህ ይሳሳቁ ነበር። ዋልቡርጋ ግን ለዶሮቴያም ያልነገረችው ነገር አለ። አንድ ምሽት ሕፃኑ ትኩሳት ይዞት ሲቃትት፣ ከአፏ አምልጧት "ዮስት" አለችው። ሕፃኑ ዓይኑን ገልጦ አያት። ከዚያ ወዲህ ሰው በሌለበት ሁሉ ዮስት ነው። ልጁም አደገና ሁለት ስም እንዳለው ገባው፤ አንደኛው የቤተሰቡ፣ ሁለተኛው እማ ብሎ የሚጠራት የዋልቡርጋ። ለማንም አልተናገረም። ወደ ወታደር ትምህርት ቤት ሲወስዱት ከሠረገላው መስኮት ብቅ ብሎ ያያት እሷን ነበር። ካደገም በኋላ በየበልጉ እየመጣ፣ ቤቷ ገብቶ ቦት ጫማውን አውልቆ፣ የድንች ድብልብሏን በፕሪም መረቅ እስኪጠግብ ይበላ ነበር። ያኔ እሷ በሩን ትዘጋና፣ "ብላ እንጂ ዮስት፤ እነዚያ ሰዎች ቁጥር ብቻ ነው እንዴ የሚያበሉህ?" ትለዋለች።

ልጁ ሃያ ሦስት ሲሞላው ሁለቱ ግንቦች ታረቁ። ሽማግሌው አሥራ አራተኛ ደረታቸውን ታመው ወደ ደቡብ፣ ሞቃቱ ሐይቅ ዳር ክረምቱን ሊያሳልፉ ሲነሡ፣ ለዕርቁ ምልክት ወጣቱን አሥራ አራተኛ አስከትለው ሄዱ። ያን ጊዜ ሁላችንም ጥሩ ነገር መስሎን አጨበጨብን። የታችኛው ግንብ ቤተሰብም ክረምቱን ወደ ዋና ከተማው ስለሄደ ግንቡ ተዘግቶ ነበር።

ቴሌግራሙ የመጣው በትልቁ በረዶ ሰሞን ነው። የጣቢያው ሹም ለደወል መቺው ለጎትሂልፍ ሰጠው፤ ጌታ ሲሞት መጀመሪያ የሚያውቀው ደወል ነውና። ጎትሂልፍ ወረቀቱን ይዞ ገበያው መካከል ሲደርስ፣ ዋልቡርጋና ዶሮቴያ ጥቅል ጎመን እየመረጡ አገኛቸው።

"ልዑል ኤበርሃርድ አሥራ አራተኛ ዛሬ ጠዋት አረፉ፤ አስከሬኑ በባቡር ይመጣል ይላል" አለ፣ ባርኔጣውን አውልቆ።

"የትኛው?" አለች ዋልቡርጋ።

"አሥራ አራተኛው።"

"እሱንማ ሰማሁ። የትኛው አሥራ አራተኛ?"

ጎትሂልፍ ወረቀቱን ገልብጦ ጀርባውን አየ። ጀርባው ባዶ ነበር።

"የላከው ባለ ሆቴሉ ነው" አለ ቀስ ብሎ። "የሩቅ አገር ሰው ነው፤ በዓለም ላይ አሥራ አራተኛው አንድ ብቻ መስሎታል።"

"ሂድና ጠይቀው እንጂ ምን ትገተራለህ?"

"በምን አባቴ ልጠይቀው? ሽቦው ይህን ካመጣ በኋላ በበረዶ ተበጣጥሷል። ባቡሩ እስኪመጣ መጠበቅ ነው።" ከዚያ የራሱ ጭንቀት ትዝ አለው። "እኔስ ምን ልሁን? ትልቁን ደወል ብመታ ላይኛውን ገደልኩ፣ ትንሹን ብመታ ታችኛውን ገደልኩ። ደወል መቺ ነኝ እንጂ ነፍሰ ገዳይ አይደለሁም።"

በመጨረሻ ለማንም እንዳያዳላ ሁለቱንም እያፈራረቀ መታቸው። ከተማውም ሁለቱም ሞቱ ብሎ ደመደመ። እኩሌታው ሱቅ ተዘጋ፣ እኩሌታው ተከፈተ፤ ጥቁር ጨርቅ የሰቀለው አወረደው፣ ያወረደው መልሶ ሰቀለው። የላይኛው ግንብ አዛዥ ብሩኖ፣ ሐዘንም ደስታም ፊቱ ላይ የማይታይ ሰው፣ ከመንታ መንገድ ላይ ቆሞ፣ "ተረጋጉ፤ አንድ አሥራ አራተኛ ብቻ ነው የሞተው" እያለ ያረጋጋ ነበር። ማንም አልተረጋጋም።

ዋልቡርጋ ቤቷ መቀመጥ አልቻለችም። ወደ ዶሮቴያ ወጥ ቤት ሄዳ ለቀብሩ ድግስ ድንች ትልጥ ጀመር። ሁለቱ ጓደኛሞች ፊት ለፊት ተቀመጡ።

"የኔው ሽማግሌ ነው የሚሆነው" አለች ዶሮቴያ። "ደረታቸው አልቆ ነበር። ሰባ ዓመት ቀላል ነው?"

"ምን ይታወቃል? ሞት ዕድሜ አይጠይቅም። የኔውም ሊሆን ይችላል።"

"ኧረ የኔው ናቸው።"

"እስኪ ተይ አንቺ፤ የኔው ይሆናል።"

እንዲህ እየተባባሉ ሁለቱም በይሉኝታ ሞቱን ወደ ራሳቸው ይጎትቱታል፤ በልባቸው ግን እያንዳንዳቸው ወደ ሌላዋ ይገፉታል። ዋልቡርጋ ይህን ታውቃለች። ዶሮቴያም እንደምታውቅ ታውቃለች። ዶሮቴያ ለሽማግሌው ሠላሳ ዓመት ሾርባ አቅርባለች፤ ሲያስላቸው ትነቃለች፣ ቀልዳቸውን ሰው ሁሉ ሳይሰማው እሷ ትስቅላቸዋለች። ከጌታዋ በቀር ማንም የላትም። እንዲህ ያለችውን ሴት ፊቷ ተቀምጦ፣ ዳቦዋን እየበሉ፣ "አምላኬ ሆይ የሷው ይሁን" ብሎ መጸለይ ምን ዓይነት ልብ ነው? ዋልቡርጋ ግን ጸለየች። ወዲያው ደግሞ አፍራ ጸሎቱን መልስልኝ ብላ ጸለየች። ቀጥሎ የቱን ጸሎት እግዜር እንደሚሰማ ማወቅ አቃታትና ጣቷን በቢላዋ ቆረጠች።

ሌላም የሚያስፈራት ነገር ነበራት። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። መልአክ ዮስት ብሎ ያወጣው ልጅ መቃብር ውስጥ ነው። እሷ ያን ስም ከመቃብር አንሥታ ለሌላ ሰው ልጅ አለበሰችው፤ ያውም ሌላ ስም ያወጣ ይረገም ተብሎ በተማለበት ቤት ልጅ ላይ። ሞት ስሙን ተከትሎ መጥቶ እንደሆነስ? የሞተ ሰው ልብስ ለሕፃን አይለበስም ይሉ የነበሩት አሮጊቶች ትዝ አሏት። ለማን ትንገር? ለዶሮቴያ ብትነግራት፣ በሐዘን ላይ ሌላ ሐዘን ነው። ድንቹን መላጥ ቀጠለች።

ባቡሩ በሚገባበት ጠዋት ከተማው በሙሉ ጣቢያው ላይ ተኮለኮለ። ብሩኖ በደረጃው ላይ ቆሞ የቤቱን ሥርዓት አስረዳን። የኦልደርን ወንድ ራቅ ብሎ ሲጓዝ የቀብር ጋሻውን በሻንጣው ይዞ ይሄዳል፤ የሽመላ ሥዕል ያለበት ትንሽ የእንጨት ጋሻ ነው። ሲሞት ሣጥኑ ክዳን ላይ ይቸነከራል።

"ወራሽ ያለው ቤት ሰው ከሆነ ጋሻው ወደ ራስጌው ቀጥ ብሎ ይቆማል" አለ ብሩኖ። "የዘሩ የመጨረሻ ከሆነ ተገልብጦ ይመታል። ስለዚህ ማንም ሰው አይጨነቅ፤ ሽመላው ከቆመ የሞቱት የታችኛው ግንብ ልዑል ናቸው። ሽመላው ከተገለበጠ ደግሞ ጌታዬ ናቸው፤ የላይኛው ቤትም አበቃ።"

ነገሩ እንዲህ ግልጽ በመሆኑ ሁላችንም ደስ አለን።

ባቡሩ ገባ። ረጅም ስለነበረ የኋላ ፉርጎዎቹ ከጣቢያው ውጭ በረዶው ላይ ቀሩ። ከመገናኛው ጣቢያ የመጡ የባቡር ሠራተኞች የፊተኛውን ፉርጎ ከፍተው ሣጥኑን አወረዱና ከሕዝቡ መካከል አግዳሚ እንጨት ላይ አሳረፉት። ዋልቡርጋ በሣጥኑ አንድ ጫፍ በኩል፣ ዶሮቴያ በሌላው ጫፍ በኩል ቆመው ነበር። ዋልቡርጋ ጋሻውን አየችው። ሽመላው ቆሟል፤ እግሩን አንሥቶ፣ ራሱን ቀና አድርጎ ቆሟል።

ነጠላ ጫማ ሲወልቅ እንደሚሆነው፣ ከውስጧ አንድ ነገር ወልቆ ሲሄድ ተሰማት። ከዚያ ከማዶ ለቅሶ ሰማች። ዶሮቴያ ነበረች።

"ጌታዬን" ትላለች ዶሮቴያ። "ጌታዬን፣ ጌታዬን። ተገልብጧል እኮ።"

"ምኑ ነው የተገለበጠው? ቆሟል" አለ ከዋልቡርጋ ጎን ያለ ዳቦ ጋጋሪ።

"ዓይንህ ጠፍቷል? ተገልብጧል።"

"ቆሟል እላለሁ።"

በዚህ ወገን ያለነው ሁላችን ቆሞ አየነው፤ በዚያ ወገን ያሉት ሁሉ ተገልብጦ አዩት። ብሩኖ መጥቶ መጀመሪያ በዚህ በኩል ቆሞ አየ፣ ዞሮ በዚያ በኩል ቆሞ አየ፤ እንደገና ወደዚህ ተመለሰ። ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱ ላይ አንድ ነገር ታየ።

"ራስጌው በየት በኩል ነው?" ሲል የባቡር ሠራተኞቹን ጠየቃቸው።

"እኛ ምን እናውቃለን ጌታው? እኛ ሣጥን አወረድን።"

የኛ አገር የሬሳ ሣጥን ከራስጌው ሰፋ፣ ከግርጌው ጠበብ ይላል። የደቡቡ አናጢ ግን እንደ ዱቄት ሣጥን ከዚያም ከዚህም እኩል አድርጎ ሠርቶታል። ይከፈት ያለ ነበር፤ ቄሱ በቆርቆሮ የተበየደ ሬሳ አይከፈትም አለ። ጎትሂልፍ ክብደቱን ለማወቅ አንዱን ጫፍ ቀና ለማድረግ ሞክሮ ተገሠጸ። ከላይኛው ሰፈርና ከታችኛው ሰፈር የመጡት የማን ሐዘን እንደሆነ ተጣሉ፤ ለአንድ ሬሳ ሁለት ለቅሶ ቆመ።

ዋልቡርጋ ከሣጥኑ ማዶ ዶሮቴያን አየቻት፤ ዶሮቴያም አየቻት። ሁለቱም የየራሳቸውን ሞት አይተዋል፤ ከሁለቱ አንዱ ውሸት ነው። ዋልቡርጋ፣ ዶሮቴያ ያየችው እውነት ይሁን ብላ መመኘት አቃታት፤ እንዳይሆን መመኘትም አቃታት። አሥራ አራተኛ እያሉ ሲጮኹ ሰማች፤ ቁጥሩ በየአፉ ይዞራል፣ ማንንም አይጠራም። ያን ጊዜ፣ ሰው ይስማ አይስማ ሳታስብ፣ ሃያ ሦስት ዓመት በዝግ በር ውስጥ ብቻ የተባለው ስም ከሆዷ ወጣ።

"ዮስት" ብላ ተጣራች። "ዮስት።"

ሁሉም ወደ እሷ ዞረ። ብሩኖ ግንባሩን ቋጠረ።

"ዮስት ደግሞ ማን ነው?" አለ። "በኦልደርን ቤት ዮስት የሚባል ተወልዶ አያውቅም።"

ከባቡሩ ጭራ፣ በረዶው ላይ ከቀረው የመጨረሻው ፉርጎ፣ መስኮት ሲወርድ ተሰማ። እንቅልፍ የከበደው፣ ሽማግሌውን ሲያስታምም ስንት ሌሊት የነጋበት የሰው ድምፅ መጣ።

"አቤት፣ እማ።"

ወጣቱ አሥራ አራተኛ ካፖርቱን ሳይቆልፍ ከፉርጎው ዘልሎ በረዶውን እየረገጠ መጣ። ባቡሩ ሲቆም አልነቃም ነበር። ሰው ሁሉ ባርኔጣውን አወለቀ፤ ብሩኖም አጎነበሰ፤ ከሁለቱ አሥራ አራተኞች የቀረው ይኸው ልጅ ነበርና። እሱ ግን ሣጥኑ ጋ ደረሰና፣ ራስጌው የት እንደሆነ ያውቅ ስለነበር፣ ከሠራተኞቹ ጋር ሆኖ ራስጌውን ከኛ ወደ ማዶ አዞረው። አሁን ሽመላው ከኛም በኩል ተገልብጦ ታየን፤ እግሩ ወደ ሰማይ፣ ምንቃሩ ወደ ምድር።

ዋልቡርጋ ወደ እሱ መሮጥ ፈልጋ ነበር። ግን ዶሮቴያ በረዶው ላይ ተንበርክካ አየቻት፤ እግሯ ወደዚያ ወሰዳት። አጠገቧ ተንበርክካ አቀፈቻት። ደስታዋ አፏን እየሞላ አላናግር ስላላት፣ ሻሏን አውልቃ የጓደኛዋን ትከሻ ሸፈነች።

ዶሮቴያ ቀና አለች። "ያንቺው ነው እንግዲህ የተረፈው" አለች።

"አዎን። ይቅር በይኝ።"

"ዮስት ያልሽው ግን ያን የሞተብሽን ልጅ አይደለም?"

ዋልቡርጋ ሣጥኑን እየዞረ ወደ እነሱ የሚመጣውን ወጣት አየችው። ባርኔጣውን ባቡሩ ውስጥ ረስቶ ፀጉሩ ላይ በረዶ ይወርዳል።

"የቱን እንደጠራሁ እኔም አላውቅ" አለች። "አቤት ያለኝ ግን ይኸው ነው።"